ውሃ የገባበት ጆሮ

ጎንደር ላይ ጥር 11 ማለዳ ሰው የማይጠብቀው ነገር የለም። ኪሱን ይጠብቃል፣ ስልኩን በፌስታል ይቋጥራል፣ ጫማውን ለማያውቀው ሰው አደራ ይሰጣል። ጆሮውን የሚጠብቅ ግን አላየሁም። ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ የተሞላው የአፄ ፋሲል መዋኛ በካህናቱ ተባርኮ ሲያበቃ፣ ጎረምሳው ከግንቡም ከዛፉም ላይ እየዘለለ ይገባበታል። የሌሊቱ ቁር ከውሃው ገና አልወጣም። እኔንም ጓደኞቼ «የጎንደር ልጅ ዳር ቆሞ ይረጫል እንዴ?» ብለው ገፈተሩኝ።

በጎኔ ነው የወደቅኩት። ብቅ ስል ግንቡ፣ ዛፉና ጃንጥላው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይዞራል። ጓደኞቼ በረከቱ ነው አሉ። ሮበርት ባራኒ የተባለው የቪየና ሐኪም ቢኖር ግን በሌላ ያሳብብ ነበር። የታካሚዎቹን ጆሮ በቀዝቃዛ ውሃ ሲያጥብ ይዞርባቸዋል፤ ለምን ብሎ ቢከታተል፣ ቅዝቃዜው ውስጠኛው ጆሮ ዘልቆ የሚዛን ፈሳሹን እንደሚያንቀሳቅሰው፣ አንጎልም ሳይዞሩ የዞሩ እንደሚመስለው ደረሰበት። ለዚህ ዓይነቱ ሥራው እ.ኤ.አ. የ1914 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። እኔ ግን የተሰጠኝ ምክር ብቻ ነው።

ማዞሩ ለቀቀኝ፤ አንዱ ጆሮዬ ግን እንደተደፈነ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ሰው ሁሉ የጆሮ ሐኪም ሆነ። አንዱ በአንድ እግርህ ዝለል አለኝ። ሌላው የክብሪት እንጨት አውጥቶ ጥጥ ይጠቀልልልኝ ጀመር። ቃና ዘገሊላን አጎቴ ዘንድ ለማክበር ደባርቅ ስሄድ ደግሞ ከጎኔ የተቀመጡ እናት «የኔ ልጅ፣ ቅቤ ለብ አድርገህ ጠብ አድርግበት» አሉኝ፤ ከኋላ ያሉት «ኧረ ጤናዳም ነው!» ብለው ተቃወሟቸው። መኪናው አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ዳባት እስኪደርስ ክርክሩ አላባራም፤ በአንድ ጆሮዬ ተከታተልኩት።

ደባርቅ ያገኘኋት ሲስተር በባትሪ አየችውና ሳቀች። ውሃውን ያገተው ኩክ ነው፤ ሲርስ አብጦ መንገዱን ዘግቷል። የጆሮዬን ቅጠል ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ራሴን አዘነበለችው፤ ጥቂት ውሃ ጠብ አለ። «ክብሪትም፣ የእስክሪብቶ ክዳንም እንዳታስገባ! ኩኩን ወደ ውስጥ ትገፋዋለህ፤ ካልቀናህም ታምቡሩን ትበሳዋለህ» አለችኝ። በጎን መውደቅም ታምቡር ሊቀድ ይችላል። የተቀደደ ታምቡር ላይ ደግሞ ውሃም ቅቤም ጤናዳምም አይጨመርም። እኔ ከዚህ ተርፌያለሁ፤ የቀረው በራሱ ይደርቃል ተባልኩ።

ማታ ከአጎቴ ጋር ቡና ቤት ተቀምጠን ጆሮዬን በመዳፌ ስደበድብ፣ ስሜን ተራሮችን ሊያይ የመጣ አንድ አየርላንዳዊ አየኝና ከኪሱ በክር የተያያዙ ሁለት የላስቲክ ውታፎች አወጣ። የጣት ጫፍ አያክሉም። አገሩ በቀዝቃዛው ባሕር ማዕበል ላይ በጣውላ ይንሸራተታል፤ ሰርፊንግ ነው። አስጎብኚው እያስተረጎመ እንደነገረን፣ የጆሮ ቱቦ ውስጠኛው ክፍል አጥንት ነው፣ የሸፈነው ቆዳ ስስ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃና ንፋስ ለዓመታት ሲፈራረቁበት አጥንቱ ወደ ውስጥ እያደገ ቀዳዳውን ያጠበዋል። ከዚያ ውሃና ኩክ ይታገታል፣ ጆሮ ይመረቅዛል፣ መስማትም ይቀንሳል። ሲብስ ሐኪም አጥንቱን በመሣሪያ ይጠርበዋል። የእሱን አንዱን ጠርበውለታል። አሁን ውታፉን ሳይወትፍ፣ በላዩም ጆሮ የሚሸፍን ቆብ ሳያጠልቅ ባሕር አይገባም።

በዓመት አንዴ ፋሲል መዋኛ የሚዘል ሰው አጥንት እንደማያበቅል ሲነግረኝ ቀለለኝ። ግን ገረመኝም። የእኛ ደገኛ ለንፋስ ቆብና ጋቢ ሳይደርብ ከቤት አይወጣም፤ ውሃ ሲሆን ባዶ ጆሮውን ይነከራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለውን ያህል፣ ባለቤቱም ለጆሮው ባዳ ነው።

አጎቴ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ሁሉንም ሲያዳምጥ ቆየና አስጎብኚውን ጠራው።

«እስቲ ጠይቅልኝ፤ አጥንቱ ማደጉን መጀመሪያ ያወቀው ማን ነው?»

«ሚስቴ ናት፤ ስትጠራኝ አልሰማ ስላት» አለ ሰውየው።

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። «የኔይቱማ ባሕር ሳልገባ ነው በቅሎብሃል የምትለኝ።»