በሰው ወርቅ አይደምቁም?

«በሰው ወርቅ አይደምቁም» ብሎ የተረተ ሰው የህንዱን ሙዚቀኛ ባፒ ላሂሪን አላየውም። ላሂሪ ወርቁስ የገዛ ራሱ ነበር፤ አንገቱ ላይ ሰንሰለት በሰንሰለት፣ ጣቱ ላይ ቀለበት፣ አንጓው ላይ አምባር፣ ዓይኑ ላይ ቤት ውስጥም የማይወልቅ ጥቁር መነጽር። የሰው የነበረው ዜማው ነው። ያውም ሁሉም አይደለም። ግን ለህንድ ፊልም ሙዚቃ የሚሠራ ሰው መከራው ይኸው ነው፤ የፈጠረውን ሁሉ ሰምተው ያልፉና የተዋሰውን ቆጥረው ይይዙለታል።

በ1952 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ምዕራብ ቤንጋል ውስጥ ጃልፓይጉሪ ተወለደ። አባትም እናትም ዘፋኞች፣ ኪሾር ኩማርን የመሰለ ዘፋኝ ዘመድ፤ ሌላ ሥራ ልያዝ ቢልም የሚያስይዙት አይመስለኝም። ታብላ የተባለውን ከበሮ መምታት የጀመረው ገና በሦስት ዓመቱ ነው ይባላል። ቦምቤይ ገብቶ በ1975 «ዛክሚ»፣ በ1976 ደግሞ «ቻልቴ ቻልቴ» የተባሉት ፊልሞች ስሙን አስጠሩለት። እስከዚህ ድረስ ጎረቤትም ተመልካችም ምንም አላለውም። ወሬው የመጣው ከዲስኮ ጋር ነው።

«ዲስኮ ዳንሰር» የወጣው በ1982 ነው፤ መሪ ተዋናዩ ሚቱን ቻክራቦርቲ። ታሪኩን ላላየ ሰው ልንገረው። ጎዳና ላይ እየዘፈነ የሚያድር ድሀ ልጅ ከሀብታም ልጅ ጋር ጊታር ሲጫወት የልጅቱ አባት ይደርስና «ሌባ!» ይለዋል። እናት ጥፋቱን በራሷ አድርጋ ትታሰራለች። ልጁ ያድግና ጂሚ የሚባል የዲስኮ ንጉሥ ይሆናል። ጠላቶቹ ጊታሩን ከኤሌክትሪክ ጋር ያገናኙታል፤ እናት ሮጣ ትደርስና ልጇ ሳይነካው እሷ ትይዘዋለች፤ ትሞታለች። ከዚያ ወዲያ ጂሚ ጊታር ባየ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። የህንድ ፊልም እያየ ያደገ አዲስ አበቤ እዚህ ቦታ ላይ መሀረቡን ነው የሚያወጣው፤ ኤሌክትሪኩ እናትየውን ብቻ ለምን ለየ ብሎ የሚጠይቅ ልብ የለውም።

እንግዲህ ፊልሙ በሐሰት ሌባ ስለተባለ ሙዚቀኛ ነው። ዘፈኖቹን ደግሞ እንያቸው። ያ «ጂሚ ጂሚ» የሚለው ኦታዋን ከተባለው የፈረንሳይ ዲስኮ ቡድን የመጣ ነው። «አውዋ አውዋ» የሚለው የእንግሊዞቹ ዘ በግልስ በ1979 ካወጡት ዝነኛ ዘፈናቸው ነው። ክሪሽናን ወደ ምድር ና የሚለው መዝሙር መሰል ዘፈን ደግሞ ቲልማን ብራዘርስ ኢየሱስን ሲጠሩበት የነበረው ዜማ ነው። ሰው ሃይማኖት ሲቀይር አይቻለሁ፤ ዜማ ራሱ ሃይማኖት ሲቀይር ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ፊልሙ በ1984 ሶቪየት ኅብረት ገባ። 60 ሚሊዮን ያህል ቲኬት ተሸጠ። የምዕራቡን ጭፈራ በዓይነ ቁራኛ የምትጠብቅ አገር፣ ያንኑ ጭፈራ በቦምቤይ በኩል ዞሮ ሲመጣላት እልል ብላ ተቀበለችው። የፊት በር ላይ ዘበኛ ያቆመ ሁሉ የጓሮውን በር ይረሳል።

ከዚህ በኋላ ላሂሪን የሚያቆመው ጠፋ። በ1986 ብቻ ለ33 ፊልሞች ከ180 በላይ ዘፈኖች ሠርቶ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ማካፈል ለሚወድ፣ በአሥራ አንድ ቀን አንድ ፊልም፣ በሁለት ቀን አንድ ዘፈን ማለት ነው። ይህ ሰው ራሱን ፀጉር ቤት ወስዶ ለመቆረጥ እንኳ ጊዜ እንዳልነበረው ከፎቶዎቹ ይታያል። ቦምቤይ ውስጥ ደግሞ ፕሮዲዩሰሩ የውጭ ካሴት በኪሱ ይዞ መጥቶ «እንደዚህ ያለ ሥራልኝ» ማለቱ የተለመደ ነበር። ካሴቱን ያመጣው ፕሮዲዩሰር ገንዘቡን ቆጥሮ ይሄዳል፤ ፖስተሩ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰውዬ ሐሜቱን ይወርሳል። በዚያው ሰሞን፣ በ1985፣ «አይትባር» ለተባለው ፊልም ቡፒንደርና አሻ ቦስሌ የዘፈኑትን ጋዛል የሠራው ይኸው ሰው ነው። ረጋ ያለ፣ የሚያስተክዝ ሥራ። እሱን የሚያነሳለት ግን ጥቂት ነው፤ ተዋሰ ማለት ይጣፍጣል፣ ተከዘ ማለት ምን ወሬ አለው?

የተዋሱትን የመቁጠር አመል የህንዶች ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። ታክሲ ውስጥ ዘፈን ተከፍቶ ሁሉም ትከሻውን እየነቀነቀ ሳለ ከኋላ ወንበር አንድ ሊቅ ይነሳል፦ «ይሄ ዜማ እኮ የሱዳን ነው።» ሌላው ይቀበላል፦ «የህንድ ነው እንጂ፤ እኔ ፊልሙን አውቀዋለሁ።» ክርክሩ ይጦፋል። ትከሻው ግን አይቆምም። የማን ዜማ እንደሆነ ያልተስማሙ ሰዎች በአንድ ምት ይነቀነቃሉ፤ ረዳቱም ሒሳብ እየሰበሰበ አብሮ ይነቀነቃል።

ሌቦች ሲሰርቁ ሳይሆን ሲካፈሉ ይጣላሉ የሚባለውን ተረት እዚህ መጥቀስ ይከብዳል፤ ሰዎቹ የተከበሩ ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ ነበር። ጊኒያዊው ሞሪ ካንቴ «ታማ» የሚል ዘፈን አለው። ላሂሪ በ1990 «ታኔዳር» ለተባለው ፊልም «ታማ ታማ ሎጌ»ን ሠራ። በ1991 ደግሞ ላክሽሚካንትና ፒያሬላል የተባሉት ስመ ጥር ጥንድ ሙዚቀኞች «ሀም» ለተባለው ፊልም «ጁማ ቹማ»ን ሠሩ። ሁለቱም ገነኑ። አድማጩም ማን ከማን ወሰደ ብሎ ተሟገተ። አንዱ ላሂሪ ነው ይላል፣ ሌላው ጥንዶቹ ናቸው ይላል። ባለቤቱ የእኛው አፍሪካዊ ሆኖ ሳለ፣ በክርክሩ ውስጥ ስሙ የተነሳው ዘግይቶ ነው።

ደግነቱ ዓለም ብድር አትረሳም። አንድ ማለዳ ዲጄ ክዊክ የተባለ የሎስ አንጀለስ የራፕ ሰው ቴሌቪዥን ከፍቶ የህንድ ፊልም ላይ ያርፋል። ጥርሱን እየቦረሸ ሳለ ሰውነቱ በዘፈኑ መወዛወዝ ሲጀምር ተመልሶ ቪዲዮ ማጫወቻው ላይ መቅጃውን ይጫናል። ዘፈኑ በ1981 «ጆቲ» ለተባለው ፊልም ላሂሪ የሠራው፣ ላታ ማንጌሽካር የዘፈነችው ነው። ክዊክም በ2002 ከነላታ ድምፅ አስገብቶ ትሩዝ ኸርትስ ለተባለች ዘፋኝ ሠራበት፤ ዘፈኑ አሜሪካን አዳረሰ። ላታ የአማልክት መዝሙር ስትዘፍን ያደገች የተከበረች ሴት ነበረች፤ አሜሪካዊቷ ከጎኗ የምትለውን እዚህ መድገም አልችልም።

የካልካታው ሳሬጋማ ኩባንያ 500 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ከሰሰ። በ2003 የሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት የባፒ ላሂሪ ስም እስኪጻፍበት ድረስ ሲዲው እንዳይሸጥ አዘዘ። የዜማ ባለቤት ስሙ ይጻፍ! ይህን ፍርድ የሰሙ በፓሪስ፣ በለንደንና በጊኒ ያሉ ሰዎች ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ላሂሪ ግን ፊቱ ላይ አንዳች ነገር አይታይም፤ ጥቁር መነጽር ለዚህም ይጠቅማል። በ2007 ደግሞ ኤም.አይ.ኤ. የተባለች እንግሊዛዊት ጂሚ ጂሚን እንደገና ሠራችው። ከፈረንሳይ የተነሳ ዜማ በቦምቤይ አልፎ ለንደን ገባ፤ በየደረሰበትም እንደ አገሬው ልጅ ተቆጠረ።

ላሂሪ የካቲት 2022 ሙምባይ (የቀድሞዋ ቦምቤይ) ውስጥ ሲሞት የዜናው ሁሉ ርዕስ ዲስኮና ወርቅ ነበር። ወርቁንም ቢሆን ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ አልደበቀም፤ ኤልቪስ ፕሪስሊ ሲያደርግ አይቶ ነው። ይህ ሰው የአንገቱን ጌጥ እንኳ ሐሳቡን ተውሶ ነው ያሠራው! ማይክል ጃክሰን ቦምቤይ በመጣ ጊዜ የጋኔሽ አምላክ ምስል ያለበትን ሰንሰለቱን አይቶ እንደተደነቀለት፣ «ጂሚ ጂሚን እወደዋለሁ» እንዳለውም ራሱ ላሂሪ እየሳቀ ያወራ ነበር። ሰንሰለቱን ግን አልሰጠውም፤ ሰውዬው ሁሉ ነገር አለው ብሎ። ዜማ የተዋሰ ሁሉ ጌጥ ያውሳል ማለት አይደለም።

ከመሞቱ ቀደም ብሎ፣ በ2014፣ የፖለቲካ አመል ያዘውና በምዕራብ ቤንጋል ሴራምፖር ላይ ለህንድ ፓርላማ ተወዳደረ። ተወዳዳሪ ሀብቱን ማስመዝገብ ግዴታው ስለሆነ፣ አገር ሁሉ ስንት ኪሎ ይሆን ሲል የኖረው ወርቅ በመጨረሻ ሚዛን ላይ ወጣ። 754 ግራም። ኪሎ አልሞላም። የሚስቱ ወርቅ ደግሞ 967 ግራም ሆኖ ተመዘገበ፤ ለካ ያ ሁሉ ዓመት የወርቁ ሰው ሲባል የኖረው በገዛ ቤቱ ሁለተኛ ነበር። ሴራምፖሮችም ወርቁን አይተው፣ ዜማውንም አብረው አዚመው ሲያበቁ፣ ድምፃቸውን ለሌላ ሰው ሰጡ።