የዩኒቨርሲቲዎችን ስፖርት ከተማሪ ለመታደግ የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! በየዶርሙ የተኛህ፣ በየላይብረሪው ያቀረቀርክ፣ ካፌ በር ላይ የተሰለፍክ ሁሉ፣ ሚል ካርድህን እንደያዝክ ወደዚህ ጠጋ በል።

ከአርባ በላይ የሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚገናኙበት አገር አቀፍ ውድድር እስከ ዛሬ በልማድ ብቻ ሲመራ የቆየ በመሆኑ፤

ልማዱ ወደ ሕግ ካላደገ አንድ ቀን አንድ የዋህ ብድግ ብሎ «ስፖርቱ እኮ ለተማሪው ነው» በማለት ሊያበላሸው የሚችል በመሆኑ፤

በ1949 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ፌዴሬሽን (ፊሱ) በ1959 ቱሪን ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዩኒቨርሲያድ ለአሸናፊዎች በብሔራዊ መዝሙር ፈንታ «ጋውዴያሙስ» የተባለውን የተማሪዎች መዝሙር ማሰማቱ ቢታወቅም፣ አንድም የክብር እንግዳ ከማያስጠራ መዝሙር የምንማረው ነገር አለመኖሩ በዐቢይ ኮሚቴው በመረጋገጡ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ስፖርት የመክፈቻና የመዝጊያ ሥነ ሥርዓት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። በመክፈቻውና በመዝጊያው መካከል ስለሚደረገው ነገር ዝርዝሩ ወደፊት በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር «ተማሪ» ማለት የተማሪ መታወቂያ የያዘ ሰው ነው። መታወቂያው ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው መውጣቱ፣ ባለመታወቂያው ዲፓርትመንቱ የት ሕንፃ ላይ እንደሆነ አለማወቁ፣ ወይም ባለፈው እሑድ በክለብ ማልያ በቴሌቪዥን መታየቱ ተማሪነቱን አያስቀርበትም።

«ልዑካን ቡድን» ማለት ቡድን መሪ፣ ምክትል ቡድን መሪ፣ የፋይናንስ ባለሙያ፣ የግዢ ባለሙያ፣ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ከነካሜራው፣ ሁለት ታዛቢ፣ እንዲሁም አውቶብሱ ላይ ቦታ ከተረፈ ተጫዋቾች ናቸው።

በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ያካትታል። የሴቶች ጨዋታ ግን የሚካሄደው ሜዳው ለሰልፍ ልምምድ ካልተፈለገ ነው።

አንቀጽ 3። ውድድሩ ስለሚካሄድበት ጊዜ

ውድድሩ በሰኔ ይካሄዳል። በሰኔ ክረምቱ እንደሚገባ፣ ሜዳው ጭቃ እንደሚሆንና ፋይናል ፈተና እንደሚደርስ ኮሚቴው አልዘነጋም። ይሁንና የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት በጀት ይመለሳል፤ የተመለሰ በጀት ደግሞ ለከርሞ ይቀነሳል። ውድድሩ ለምን በጥር፣ ሜዳው ደረቅ ሳለ አይካሄድም የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በጥር ግዢው ገና ስለማያልቅ ውድቅ ሆኗል። ታኬታ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ይጠየቃል፤ ሦስቱንም በሦስት ማኅተም አዘጋጅቶ የሚሰጥ አንድ ታማኝ ነጋዴ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል።

ትጥቁ ሳይደርስ ውድድሩ ከተጀመረ፣ አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ሮም ላይ የማራቶንን ድል በባዶ እግሩ ማግኘቱ ለግዢ ክፍሉ በቂ መከላከያ ሆኖ ይቀርባል። ታኬታው ነሐሴ ላይ ሲመጣ ሁሉም ቁጥር 45 ሆኖ ከተገኘም አያስጨንቅም። በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ በሞዴል 22 ወጪ የሚሆንበትን ቀን ንብረት ክፍል ያውቃል።

በውድድሩ ምክንያት ፈተና ላመለጠው ተጫዋች ቡድን መሪው ደብዳቤ ይጽፍለታል። መምህሩ ደብዳቤውን አልቀበልም ካለና ልጁ ኮርሱን ከደገመ፣ በሚቀጥለው ዓመት ልምድ ያለው ተጫዋች ስለሚሆን ቡድኑ ተጠቃሚ ነው።

አንቀጽ 4። ስለ መክፈቻው

የክብር እንግዳው የሚጠሩት ለሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ የሚደርሱት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ስፖርተኞች ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቱታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ሜዳው መሐል ይሰለፋሉ። ከሰዓት በኋላ 10 ሺህ ሜትር የሚሮጥ ተማሪ በሰልፉ ላይ ቢወድቅ፣ ከኋላው ያለው አንድ እርምጃ ወደፊት ተራምዶ ክፍተቱን ይሸፍናል፤ ከላይ ሲቀረጽ ያምራልና።

ንግግር የሚያደርጉት የአዘጋጁ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት፣ የከተማው ከንቲባ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የስፖንሰሩ ተወካይና በመጨረሻ የክብር እንግዳው ናቸው። እያንዳንዱ ተናጋሪ «ጊዜያችሁን ላለመሻማት» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ይሻማል። ስፖርት ለሰላም፣ ለወንድማማችነትና ለብልጽግና ያለው ፋይዳ በአምስቱም ንግግር መነሳት አለበት፤ ኳስ የሚለው ቃል ግን ባይነሳ ይመረጣል።

ድንኳኑ ሥር፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ የተደረደረው የታሸገ ውሃ ለእንግዶች ነው። ስፖርተኛ ከቧንቧ ይጠጣል፤ ቧንቧው የሚከፈተው ግን ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ ነው።

በመክፈቻው ላይ ተማሪ ግጥም ማንበብ አይችልም። በ1950ዎቹ በኮሌጅ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ፊት የተነበበው ግጥም ወዴት እንዳደረሰ ኮሚቴው ያውቃል። ግጥም ካስፈለገ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ራሱ ይገጥማል።

አንቀጽ 5። ስለ ጉዞ

ከጅግጅጋ ተነስቶ አሶሳ የሚሄድ ቡድን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶብስ ይጓዛል። ቡድን መሪው ቀድሞ ደርሶ አልጋ ማየት ስላለበት በአውሮፕላን ይሄዳል። አልጋው የራሱ ነው፤ ተጫዋቾች የሚያድሩት ተማሪዎቹ በወጡበት ዶርም፣ ያለ ፍራሽ ነው። ከጋምቤላ ቆላ ወጥቶ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን የሚጫወት ቡድን ትንፋሽ ቢያጥረው ክስ ማቅረብ አይችልም። አየር የኮሚቴው ንብረት አይደለም።

አንቀጽ 6። ስለ ተገቢነት ክስ

ፊሱ በደንቡ የተወዳዳሪን ዕድሜ ጣሪያ 25 ዓመት አድርጓል። እኛ ዕድሜ የምንጠይቀው ከመታወቂያው ነው እንጂ ከፊቱ አይደለም። የበኩር ልጁን አስከትሎ የመጣ ተጫዋች ልጁ በደጋፊ ኮታ ይመዘገብለታል።

የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ተማሪ አይደለም ብሎ የሚከስ ቡድን፣ አስቀድሞ የራሱን ተጫዋቾች ትራንስክሪፕት ለኮሚቴው ያስረክባል። ይህ አንቀጽ ከጸና ወዲህ ክስ ይቀርባል ተብሎ አይጠበቅም።

አንቀጽ 7። ስለ ጸባይ ዋንጫ

ለአዘጋጁ ነው።

አንቀጽ 8። ስለ ሕገ ወጥ ስፖርት

ከዶርም ሕንፃዎች ጀርባ፣ ከከሰዓቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ፣ ተማሪዎች ያለ ፈቃድ ኳስ እንደሚጫወቱ ለኮሚቴው ጥቆማ ደርሶታል። ማጣሪያ ሲደረግ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ኳሱ ካልሲ በካልሲ ላይ ተጠቅጥቆ የተሰፋ ነው። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። የምድብ ድልድሉ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ተጽፎ አንድ ዶርም በር ላይ ተለጥፏል፦ ሲቪል ከአካውንቲንግ፣ ነርሲንግ ከሕግ። የሚዳኘው እግሩን ያመመው ልጅ ነው። የተሸነፈ ላውንጅ ሄዶ ሻይ ይጋብዛል። ሴቶቹ ደግሞ የልብስ ማስጫውን ገመድ መረብ አድርገው መረብ ኳስ ይጫወታሉ፤ ልብስ ያሰጣ ሰው ሲመጣ ነጥቡን ይዘው ይጠብቁታል።

ውድድሩ ከተጀመረ ወዲህ ፎርፌ አልተመዘገበም፤ ክስም አልቀረበም። መርሐ ግብሩ ሳይዛነፍ ካፌው ለእራት ከመከፈቱ በፊት ያልቃል። አሳሳቢው ይህ ነው። ያለ ባነር፣ ያለ አበል፣ ያለ ቡድን መሪ አገር አቀፍ ውድድር ሊካሄድ ይችላል የሚል የተሳሳተ ግንዛቤ ሊፈጥር ይችላል። ኮሚቴው ጉዳዩን አጥንቶ እንዲያቀርብ አንድ ባለሙያ ልኮ ነበር። ባለሙያው ሪፖርት አላቀረበም፤ በመጨረሻ በተገኘው መረጃ መሠረት ለነርሲንግ በረኛ ሆኗል።

ስለዚህ ከላይ የተገለጸው ሊግ ከዛሬ ጀምሮ ታግዷል። ድንጋዮቹ በንብረት ክፍል ይረከባሉ።

አንቀጽ 9። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ አበልን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ግን ካለፈው ሐምሌ 1 ጀምሮ ወደኋላ ሄደው ተፈጻሚ ይሆናሉ።

ሰኔ 29 ቀን

ስለ ሰብሳቢው (የማይነበብ ፊርማ)

ሰብሳቢው ዋንጫ ለመምረጥ መስክ ወጥተዋል። ማኅተሙ የተቆለፈበትን መሳቢያ ቁልፍ ይዘው ስለሄዱ፣ ማኅተሙ ሲመለሱ ያርፋል።