ዘጠናኛው ሜትር

የሰፈራችን ኳስ ሜዳ ከላሊበላ ከተማ ወደ አቡነ ዮሴፍ ሽቅብ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። «ሜዳ» የምለው ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው። አንዱ ጎል ራስጌ፣ አንዱ ግርጌ ነበር። ከግርጌው ጎል ጀርባ ሦስት እርምጃ ሣር ነበር፤ ከሣሩ በኋላ ገደል። እኔ ደግሞ በልጅነቴ የግርጌው በረኛ ነበርኩ።

በረኛ ያደረገኝ ችሎታዬ አይደለም፤ ትዕግሥቴ ነው። በሰፈራችን ሕግ ጎል የገባበት በረኛ ኳሷን ራሱ ወርዶ ያመጣል። ወርጄ እስክወጣ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። እስከዚያ አጥቂዎቹ ከብት ይመልሳሉ፣ ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ አንዳንዱም ጋደም ይላል። የእረፍት ሰዓት በፊሽካ ሳይሆን በእኔ እግር ነበር የሚለካው። አራት ጎል የገባብኝ ቀን ጨዋታው ሳያልቅ መሸብን። ስላላለቀም አልተሸነፍንም ብዬ ዛሬም ድረስ እከራከራለሁ።

ዘንድሮ ወጣቶቹ «ሜዳው ይሻሻልልን» ብለው አቤት አሉና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር ተሰበሰብን። ጉልበቴ ለኳስም ለዶማም እንደማይሆን አገር ያወቀው ስለሆነ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደረግኩ።

«ይሻሻል» በሚለው ማንም አልተቃወመም። ጠቡ የመጣው ቃሉ ሲፈታ ነው። ለወጣቶቹ መሻሻል ማለት ዶዘር ነው። ለቀበሌው ሰው አጥር፣ በርና ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ማን ኪስ እንደሚያድር የጠየቀ የለም፣ የታወቀ ነው። ለእናቶች ከምንጭ የሚያመጣው አቋራጭ አለመዘጋቱ ነው። በየዓመቱ ገብሱን ራስጌው ጎል አፍ ላይ የሚወቃው ጎረቤታችን ደግሞ «የተሻሻለ አውድማ ለእኔም አይከፋኝም» አለ።

ለዘመድ ጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሳይጠየቅ ተነሥቶ ስለ ጃን ሜዳ ነገረን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአትክልት ተራ ገበያ «ለጊዜው» ተብሎ ወደዚያ ተዛወረ። ሯጭ የሚለማመድበትን፣ ጥምቀት የሚከበርበትን ሜዳ ጎመንና ሽንኩርት ወረሰው። ለ2013 ጥምቀት እስኪጸዳ ድረስ የከተማው ሰው ሲጮህ ከረመ። «ስለዚህ ‹ለጊዜው› የሚል ቃል በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ!» አለ እጁን እያወዛወዘ። አንዲት እናት በጥሞና ሰምተውት ሲያበቁ፣ «ለመሆኑ ሽንኩርቱ ኪሎው ስንት ነበር?» አሉ።

ወደ ዶዘሩ ተመለስን። ላስታ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። አውሮፕላን እንኳ «ላሊበላ ደረስኩ» የሚለው ሹምሸሃ ቁልቁል ወርዶ ካረፈ በኋላ ነው። አንዱ ጎረምሳ ግን ሞቅ ብሎት፣ «11 ቤተ ክርስቲያን ከአለት ፈልፍሎ ያወጣ አገር አንድ ሜዳ መደልደል ያቅተዋል?» ሲል ጭብጨባው ቀለጠ። የኔታ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ልጄ፣ ያን ጊዜ ቀን ቀን ሰው ቢሠራ ሌሊት ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር። ለኳስም ይመጡ እንደሆነ እናንተ በቀኑ ጀምሩና እንያችሁ።»

እኔም የማውቀውን ብናገር ያስከብረኛል ብዬ ከፍታን አነሣሁ። ፊፋ በ1999 ዓ.ም. ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ እንዳይደረግ ከልክሎ ነበር። ሜዳቸው 3,600 ሜትር ላይ ያለው ቦሊቪያውያን አገር ይያዝልን አሉ፤ ፕሬዚዳንታቸው ሳይቀር ማልያ ለብሶ ከፍታ ላይ ተጫወተ። ክልከላው መጀመሪያ ወደ 3,000 ከፍ አለ፣ በዓመቱ ደግሞ ታገደ። «ቢጸና ኖሮ እኛም አልቆልን ነበር» ብዬ ልቀመጥ ስል አንድ አዛውንት ከዘራቸውን አነሡ።

«ፊፋ የምትለው የማን ልጅ ነው?»

«ሰው አይደለም አባባ፣ ድርጅት ነው። ስዊዘርላንድ ነው የሚቀመጠው።»

«እዚያ ተራራ የለም?»

«ሞልቷል።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

መልሱን እስካሁን እየፈለግኩ ነው።

ወጣቶቹ አልለቀቁም። ወልድያ በ2009 ዓ.ም. 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመረቀለት፤ እኛ ምን በደልን? አሉ። የሽንኩርቱ ወይዘሮ ተገረሙ፦ «25 ሺህ ሰው ተቀምጦ 22 ሰው ብቻ ሊሮጥ? ሥራውን ማን ይሠራል?» ሌላው ልጅ ብሔራዊ ቡድኑን ጠቀሰ። አገር ውስጥ ያሉት ስታዲየሞች መስፈርት አላሟሉም ተብሎ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው «በሜዳችን» ተብሎ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። «እንኳን እኛ፣ አገሪቱም ሜዳ የላት» ሲል ከፉከራ ይልቅ ለቅሶ መሰለ፤ ስብሰባውም ቀዘቀዘ።

ለመሻሻል መለካት ይቀድማል ተባለና ተነሣን። የኳስ ሜዳ ርዝመት ከ90 ሜትር እንዳያንስ ደንቡ ያዝዛል። በየአሥር ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ከራስጌው ወደ ግርጌው ሲዘረጋ ቆየ። 71ኛው ሜትር ላይ ገመድ የያዘው ልጅ ቆመ።

«ቀጥል!» አልኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቀጥሉ» አለኝ።

«ቀሪው 19 ሜትር ለጊዜው አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ። እንግዳው አጮልቆ አነበበና «ለጊዜው»ን አሰረዘኝ።

ይኼኔ ነው ባለከዘራው አዛውንት እንደገና የተነሡት። «እኛ ገና ስንጫወት ሩሯ የሄደችበት ሁሉ ሜዳ ነበር። እናንተ ግን ገመድ ይዛችኋል፣ እሺ። ከመካከላችሁ በሬ የጠመደ አለ? ተዳፋት መሬት ሽቅብ ቁልቁል ይታረሳል? ሽቅብ ቁልቁል ያረስክ እንደሆነ የመጀመሪያው ዝናብ ማሳህን ይዞብህ ይወርዳል። አግድም ነው! ጎላችሁንም አግድም አዙሩት።»

ዝም አልን። ከዚያ ገመዱ አግድም ተዘረጋ፤ 94 ሜትር ሆነ። ዘጠናኛው ሜትር ላይ አየርም ገደልም አልነበረም፤ የደረቀ እበት ነበር። አራቱ የባሕር ዛፍ አጣናዎች ተነቅለው በዚያው ቀን ዞረው ተተከሉ። ያለ ዶዘር፣ ያለ በጀት።

የምረቃው ጨዋታ በሳምንቱ ሆነ። ቁልቁል የሚያጠቃና ሽቅብ የሚያለከልክ ቡድን ቀረ፤ ፍትሕ ሰፈነ። ችግሩ፣ ዱሮ አንዱ ጫፍ ብቻ የነበረው ገደል አሁን የሜዳው ሙሉ ጎን ሆነ። ኳሷ የትም ብትመታ ወደ ግርጌው መስመር ትንከባለላለች፤ ሃያ ሁለቱም ወደዚያው ይግተለተላሉ። ራስጌው ግማሽ ላይ ፍየሎች ያለ ሥጋት ይግጡ ነበር። ገደል የገባችን ኳስ በረኛው ሳይሆን መጨረሻ የነካት ያምጣ ተብሎ ተወሰነ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኳሷ ወደ ግርጌ ስትጠጋ ተጫዋቹ ሁሉ እንደ እባብ ይሸሻት ጀመር። አንዱ ተከላካይ እግሩን ሰብስቦ ሲዘልላት በዓይኔ አይቻለሁ።

አዛውንቱ እጃቸውን በከዘራቸው ላይ ደርበው አዩ አዩና፣ «አፈር ቢሆን በእርከን እናስቀረው ነበር» አሉ።

ጥር ደርሶ ነበር። በጥር የአገራችን ሰው አካፋና ዶማውን ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። የእኛ ሰፈር ሰው ወዴት እንደወጣ መናገር አያስፈልገኝም። ድንጋይ ሞልቷል፣ ካብ የማይችል የላስታ ሰው የለም፤ በአራት ቀን እስከ ወገብ የሚደርስ ካብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆመ። እኔም በመዝገቡ ላይ «የድንጋይ እርከን፣ 94 ሜትር» ብዬ አሰፈርኩ። ውሸት የለበትም።

ሥራውን ሊቆጥር የመጣው ባለሙያ ካቡን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገው፤ አልነቃነቅ አለው። ደስ ብሎት ቅጹን አወጣ። ርዝመቱን ጠየቀ፣ ነገርኩት። ቁመቱን ጠየቀ፣ ነገርኩት።

«ከእርከኑ በላይ ምን ተተከለበት?»

አፌን ሳልከፍት ገመድ ያዡ ልጅ ቀደመኝ።

«ጎል።»

ባለሙያው ቀና ሳይል ጻፈው።