ከፈረስ ወደ በቅሎ

ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለዋል። እኔም በአቅሜ፣ ጋርላንድ በምትባል የዳላስ ጎረቤት ከተማ፣ አባ ነጎድጓድ ነበርኩ። ስሙን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ጓደኞቼ ሲዘገዩብኝ ጊዜ። ፈረሴ የ2018 ሥሪት ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ነበር፦ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 460 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ማርሹ በእጅ የሚገባ። ግንባሩ ላይ የሚጋልብ ፈረስ አለበት፤ ስለዚህ የፈረስ ስም ማውጣቴ ጉራ ሳይሆን ሥርዓት ነው።

አገር ቤት ያለችው እናቴ ነገሩን የተረዳችው በሌላ መንገድ ነው። በስልክ «ለመሆኑ ምን ዓይነት መኪና ነው የምትነዳው?» ስትለኝ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ «ቪ8 ነው እማዬ» አልኳት። እሷ በምታውቀው አገር ቪ8 ማለት ሚኒስትርና ኮሚሽነር የሚሄዱበት ላንድክሩዘር ነው። እልል አለች። በማግስቱ አሜሪካ ሹመት እንደሰጠችኝ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። የእናትን ደስታ ማፍረስ ደግሞ ነውር ነውና ዝም አልኩ። ሹመቴ እስካለፈው ዓመት ድረስ ጸንቶ ኖረ።

የማስል ካር ነገር ሲታይ ቀላል ነው፤ መካከለኛ ቦዲ ውስጥ ለቦዲው የማይመጥን ግዙፍ ሞተር መክተት። እ.ኤ.አ. በ1964 ፖንቲያክ ለቤተሰብ በተሠራች መኪና ውስጥ ባለ 6.4 ሊትር ሞተር አስገብቶ ጂቲኦ አላት። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 17 ቀን ፎርድ ሙስታንግን በኒው ዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ በ2,368 ዶላር አቀረበ፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22,000 ትእዛዝ ገባለት። አንዳንድ ጠንቃቆች ሙስታንግን ከማስል ካር አይቆጥሩትም፣ ለብቻው መደብ ሠርተውለታል። እነዚህ ሰዎች መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ከጎኔ ቆመው አያውቁም።

እውነቱን ለመናገር ሀብቴ ፍጥነቱ አልነበረም። በዳላስ የትራፊክ መጨናነቅ 460 ፈረስም አንድ አህያም እኩል ነው የሚደርሱት። ሀብቴ ማርሚታው ነበር። እሑድ ሌሊት ለኪዳን ስነሣ፣ ሞተሩ ሲነሣ፣ የመንገዱ ውሾች አብረው ይነሣሉ። ፎርድም ይህን ያውቃል። ከኩባንያው የቀድሞ መሐንዲሶች በአንዱ ላይ ጎረቤቱ በሙስታንጉ ጩኸት ምክንያት ፖሊስ ጠራበት፤ ከዚያ በኋላ በ2018ቱ ሥሪት ላይ ማርሚታውን በተወሰነ ሰዓት ዝም የሚያሰኝ ማስተካከያ መጣ፤ መጠሪያውም «መልካም ጎረቤት» ሆነ። እኔ መልካም ጎረቤትነትን የማስበው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስደርስ ብቻ ነበር። አንድ እሑድ ግን ከነግርማ ሞገሴ ገባሁ። ተቀምጦ ስብከት ሲሰማ የነበረው ምእመን በሙሉ ብድግ አለ፤ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ያለ መስሎት።

ባለቤቴ ሙስታንጉን አትጠላውም፤ የምትጠላው የኋላ ወንበሩን ነው። ወንበሩ የተሠራው እግሩን ቤቱ ትቶ ለሚመጣ ሰው ነው። ልጃችን እስኪወለድ ድረስ ቦርሳና ጃንጥላ ነበር የሚቀመጥበት። ልጁ ሲመጣ ግን የሕፃን ወንበር አስገብቶ ማሰር፣ ልጁን በፊተኛው ወንበር አሻግሮ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ወገብን ማቃናት መጣ። «ይሄ መኪና እኮ እያደር ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» ብዬ ተከራከርኩ። ማስረጃም ነበረኝ፤ ስቲቭ ማክዊን በ1968 «ቡሊት» ፊልም ላይ የነዳው ሙስታንግ በ2020 ፍሎሪዳ ውስጥ በጨረታ 3.74 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ባለቤቴ አዳምጣ ስትጨርስ፣ «እሺ፤ አንተን ማን ያውቅሃል?» አለችኝ።

እሷ ሚኒቫን አለች። አባ ነጎድጓድ በተንሸራታች በር ሲወርድ ታየኝና ምግብ አልበላ አለኝ። ሽማግሌ ሳይገባን ፒክአፕ ላይ ታረቅን። ቴክሳስ ውስጥ ይህ የክብር ዕርቅ ነው። እዚህ አገር ፒክአፕ የያዘን ወንድ ሚስቱ አሸነፈችው የሚል የለም፤ ጠበቃውም፣ የጥርስ ሐኪሙም፣ በዕድሜው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጭኖ የማያውቀውም የሚነዳው ፒክአፕ ነው። የፎርድ ኤፍ ሲሪስ ከ1977 ጀምሮ በአሜሪካ በሽያጭ ከፒክአፕ ሁሉ አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፤ በሲሚንቶ ብቻ እንዲህ አይሸጥም።

ወደ መኪና መሸጫው የሄድኩት ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ከሚላቸው ሽማግሌ ጋር ነው። ጋሼ በጉልምስናቸው ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው ከአሰብ አዲስ አበባ ያመላለሱ ሹፌር ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራ መኪና ሁሉ ለእሳቸው መጫወቻ ነው። ሻጩ የኤፍ-150ን ደብል ጋቢና ከፍቶ ያስጎበኘን ጀመር፤ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ወንበሩ ይሞቃል ሲላቸው፣ «ሹፌር ከሞቀው ይተኛል» አሉ። የማርሹ ዘንግ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይተኛና ቦታው ጠረጴዛ ይሆናል ሲላቸው፣ «የሚተኛውስ ሠርቶ የደከመው ነው፤ ይሄ ምን ሠራና?» አሉ። ካሶኒው ጋ ስንደርስ ዝም አሉ። ርዝመቱ አምስት ጫማ ተኩል ነው። በእርምጃ ለኩት፤ ሁለተኛው እርምጃ ከመሙላቱ በፊት አለቀ። ዞር ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ካሶኒውን መቼ ነው የሚያመጡልህ?» አሉኝ። ሻጩ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። በጣም ወደዱት አልኩት።

ቴክሳስ ውስጥ አሮጌውን መኪና አስረክቦ አዲስ የሚወስድ ሰው 6.25 በመቶውን የሽያጭ ግብር የሚከፍለው በልዩነቱ ላይ ብቻ ነው። ሙስታንጉ እዚያው የቀረው በዚህ ሕግ ነው። ገማቹ መጥቶ ዙሪያውን ዞረው፤ እኔ በየሳምንቱ በለስላሳ ጨርቅ ሳሻሽ የኖርኩትን ቦታ ሁሉ «ጭረት» እያለ መዘገበው። ሊብሬውን ፈረምኩ። ከዚያ «ቁልፉን ለልጁ ስጠው፣ ወደ ጓሮ ይወስደዋል» ተባልኩ።

ልጁ ሪዙ ገና ያላቆጠቆጠ ነው። ገባ፣ ተቀመጠ፣ ወደ እግሩ አየ። ሦስት ፔዳል። ቀና ብሎ እኔን አየ። ደፍሮ ሞከረ፤ ሙስታንጉ ሁለቴ ዘለለና ጠፋበት። ሌላ ሠራተኛ ጠሩ፤ እሱም ማንዋል ነድቶ አያውቅም። ሦስተኛው ከሩቅ አይቶ ምሳ ሰዓቱ እንደደረሰ ትዝ አለው። ጋሼ ፀሐይ ላይ ቆመው «ፍሪሲዮን የማያውቅ ሰው ነው መኪና የሚሸጥልን?» ይላሉ፤ ደግነቱ አላስተረጎሙኝም። በመጨረሻ የፈረደበት ባለቤቱ፣ ማለቴ የቀድሞ ባለቤቱ፣ ገብቶ ነዳው። ያለ ሊብሬ፣ ያለ ኢንሹራንስ፣ የሰው መኪና እየነዳሁ ከጓሮ አደረስኩት። ያቆሙኝ ከአንድ ሚኒቫን ጎን ነው። ከማጥፋቴ በፊት ነዳጅ አንድ ጊዜ እስከ ታች ረገጥኩለት፤ «መልካም ጎረቤትን» አልነካሁትም።

ፒክአፗን ይዘን የተመለስነው በሊንደን ጆንሰን አውራ ጎዳና ነው። መንገድ ላይ ጋሼ ለምን ሃይሉክስ እንዳልገዛሁ ጠየቁኝ። አሜሪካ ውስጥ ሃይሉክስ አይሸጥም ስላቸው መሪውን ሊቀሙኝ ምንም አልቀራቸውም። ከምክንያቶቹ አንዱ ዶሮ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ርካሽ ዶሮ የምዕራብ ጀርመንን ገበያ አጥለቀለቀውና አውሮፓውያን ቀረጥ ጣሉበት። ፕሬዚዳንት ጆንሰን፣ ይኸው የጎዳናው ባለ ስም፣ የቴክሳሱ ሰው፣ በዲሴምበር 1963 አጸፋውን መለሱ፤ ከውጭ በሚገባ ብራንዲ፣ በድንች ስታርች፣ በዴክስትሪንና በቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ጣሉ። በመኪናው በኩል የታለመው የጀርመን ቮልስዋገን ነበር። ዶሮው ተረሳ፤ የብራንዲውና የስታርቹም ቀረጥ ተነሣ፤ የፒክአፑ ግን ከጆንሰንም ከዶሮዎቹም በላይ ዕድሜ አገኘ። ተራ የቤት መኪና ለአሥርት ዓመታት 2.5 በመቶ ሲከፍል ፒክአፕ አሥር እጁን ሲከፍል ኖሯል፤ የአገር ውስጦቹም ተፎካካሪ ሳይበዛባቸው እንደልባቸው ገዘፉ፣ እንደልባቸው ተወደዱ። ጋሼ ታሪኩን በጽሞና ሰምተው፣ «ይሄን ሁሉ ብር ስትከፍል ግማሹ የዶሮ ነበራ?» አሉኝ። ቆይተውም፣ «ታዲያ ዶሮዋስ የታለች?»

ቤት ደርሼ ኮፈኑን ስከፍት ትንሽ ተጽናናሁ። ከውስጥ ያለው ኮዮት የሚባለው ባለ 5 ሊትር ሞተር ነው። ሙስታንጉ ውስጥ ከነበረው ጋር የአንድ ቤት ልጅ፤ ለጭነት ተገርቶ 400 ፈረስ ላይ የቆመ። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» ያለችው ለካ እውነቷን ኖሯል። ደግሞስ መኳንንቱ ረጅም መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ አልነበረም? ፈረሱ በአሽከር እየተሳበ ከኋላ ይከተላል፤ እሱ ለጦርነትና ለጉግስ ነው። ጋርላንድ ውስጥ ጦርነት የለም፤ ጉግሱም ቢሆን ትራፊክ ፖሊስ ካየው ያስቀጣል። በማዕረግ አልወረድኩም ማለት ነው።

በቅሎ ግን ውሰት ይበዛባታል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ሁለት በር መኪና ያለው ሰው ይሉኝታ አያውቅም፤ ቦታ የለማ! ሙስታንጉ በነበረ ጊዜ «ና አድርሰኝ» ያለኝ ሰው ቢኖር አንድ ወጣት ሙሽራ ነው፤ እሱም ለፎቶው ነበር። ፒክአፗ በመጣች ሳምንት ግን የማላውቃቸው ሰዎች እየደወሉ «እንኳን ደስ አለህ! ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?» ይሉኝ ጀመር። ሶፋና ፍሪጅ ከአፓርታማ ወደ አፓርታማ። ለልቅሶ ወንበር፣ ለክርስትና ድንኳን። ለመስቀል የደመራ እንጨት፤ ለጥምቀት የመዘምራኑ ድምፅ ማጉያ ከነመዘምራኑ። ለፋሲካ ከከተማ ውጭ ካለ እርሻ በግ፤ ያውም የበጉ ባለቤት «ነፋስ እንዳይመታው» ብሎ ጋቢና ካልገባ ሲለኝ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር ደግሞ በሚዛን ልክ 23 ኪሎ የተሞሉ ሻንጣዎች፣ ከዚያም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተከፍተው፣ አንድ ጥንድ ጫማ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ገብቶ፣ ተራርፈው እኔው ጋ የሚመለሱ የሕፃን ልብሶች።

ባለቤቴ ደብተር ገዝታ ስምሪት ክፍል ሆነች። «ረቡዕ ተይዟል፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማመልከት ይቻላል» ስትል በስልክ እሰማታለሁ። ለነዳጅ የሚሆን ብር የሚያወጣ አይጠፋም፤ እኔም «ኧረ በስመአብ!» እያልኩ እመልሳለሁ፤ እሱም እንደምመልስ አውቆ ነው የሚያወጣው። እሑድ ማታ ግን በር ይንኳኳና ድስት ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዶሮ ወጥ። ጋሼ ይህን ሰምተው «ይኸው፣ ቀረጡን መመለስ ጀመሩ» አሉ።

ስምሪት ክፍሏ ራሷም ድርሻዋን አልተወችም። ካሶኒው ውስጥ ባለ 120 ቮልት ሶኬት አለ፤ እስከ 2 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ሶኬቱ የተሠራው ለመጋዝና ለመሰርሰሪያ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 የቴክሳስ ሕዝብ በበረዶና በጨለማ ሲቀመጥ፣ ፎርድ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩትን ፒክአፖች ለሰው እንዲያውሱ ነጋዴዎቹን ጠይቆ ነበር። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ የታያት ምጣድ ነው። የእንጀራው እንፋሎት ቤቱን ይሞላዋል የምትለው ጉዳይ አብቅቶ አሁን የሚጋገረው ካሶኒው ላይ፣ ሜዳ ላይ ነው። ማርሚታዬን ሲያማርር የኖረው ጎረቤቴ በመጀመሪያው ቀን አጥሩ ጋ መጥቶ ቆመ። ፖሊስ ሊጠራ ነው ስል እጁን ዘረጋ። ትኩሷን ከነበርበሬዋ ሰጠነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አጥሩ ጋ ቀድሞ የሚቆመው እሱ ነው።

እናቴን ሳላሳያት ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ከፒክአፗ ጎን ቆሜ የተነሣሁትን ፎቶ ላኩላትና ደወልኩ። ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። እሷ በምታውቀው አገር ደብል ጋቢና ፒክአፕ ማለት የወረዳ ግብርና ነው፣ የውሃ ጉድጓድ ነው፣ የክትባት ዘመቻ ነው።

«ቪ8ቱስ?» አለችኝ።

«አስረከብኩት እማዬ።»

«እኮ ምን አጥፍተህ ነው ዝቅ ያደረጉህ?»

ምንም እንዳላጠፋሁ ማልኩላት። ሶፋውን፣ በጉን፣ ደመራውን፣ ሻንጣዎቹን፣ የድምፅ ማጉያውን ዘረዘርኩላት፤ ቅዳሜና እሑድም እንደማላርፍ ነገርኳት።

«አይ የሰው አገር! መስክ ለመስክ ሲያንከራትቱህ» አለች። ጥቂት ዝም ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት እየተጠነቀቀች ጠየቀችኝ፦

«ለመሆኑ የውሎ አበሉ ደህና ነው?»