በረካ ሳይደርስ

ቡና በሁለት ሰዓት አያልቅም። ይህን ለእናንተ ማስረዳት የለብኝም። እንግዳ ገብቶ «ኧረ አትነሱ»፣ «በሞቴ ቁጭ በሉ» እስኪባባል ብቻ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ በየሰዉ አፍንጫ ሥር ይዞራል፣ ይፈጫል፤ ጀበናው ይገነፍላል፣ ይወርዳል፣ እስኪሰክን ይጠበቃል። አቦሉ ሲቀዳ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗል። ወሬው የሚሞቀው ደግሞ ቶና ላይ ነው፤ ማን ተፋታ፣ ማን ቤት ገዛ፣ የማን ልጅ አማርኛ አልናገርም አለ። ታዲያ እኔ በምኖርበት መንገድ ላይ የተተከለው ምልክት፣ የነዋሪ ፈቃድ የሌለው መኪና ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆም ያዛል። የጻፈው ሰው በረካ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አናፖሊስ ልንዛወር ነው ስንል ዘመድ የተሰማውን እስር ቤት ልንገባ ነው ብንል አይሰማውም ነበር። «ምን አጥታችሁ?» አሉን። «እንጀራስ?» አሉን። አንዱ ጠጋ ብሎ ዕዳ እንዳለብኝ በዘዴ ጠየቀኝ። ከዋሽንግተን እኮ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሩት 50ን ይዞ ቀጥ ማለት ነው። ከዚያ የሚብስ መንገድ በየቀኑ ለሥራ የሚነዳ ሁሉ፣ ለእኛ ሲሆን ሩቅ ሆነበት። ባለቤቴ ግን ውኃ ዳር ካልኖርኩ አለች፤ እኔም የጡብ መንገዶቹን፣ ጠባብ የእንጨት ቤቶቹን፣ ከጣሪያ በላይ የሚታየውን የመርከብ ምሰሶ አይቼ ልቤ ሄደ። ፓርኪንጉን ማን ያያል!

ዘመድ «ሩቅ ነው» ብሎ ቀረ ብላችሁ እንዳታስቡ። መጣ። በየመኪናው መጣ፤ ሐበሻ አንድ ላይ ተሳፍሮ አይመጣም፣ እያንዳንዱ በፈለገበት ሰዓት መውጣት አለበት (አይወጣም እንጂ)። ስለዚህ የእኛ ቤት ቡና የራሱ ሥርዓት አበጀ። ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የመኪና ቁልፎች ረከቦቱ ጫፍ ላይ ከሲኒዎቹ ጎን ይደረደራሉ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ያፍሳቸውና፣ የትኛው ቁልፍ የማን እንደሆነ እያማረረ ይወጣል። አንዱን መኪና ያነሳል፣ ቦታ ፍለጋ ይዞራል፣ ቸርች ሰርክል ላይ ይዞራል፣ ስቴት ሰርክል ላይ ይዞራል፣ ተመልሶ እዚያው ይመጣል። እኛ ቶናውን ጠጥተን እንጠብቀዋለን። እትዬ፣ የባለቤቴ አክስት፣ «ልጁ በረካ ሳይጠጣ እንዴት ይነሳል?» ይላሉ፤ አዝነው ነው የሚሉት። ከዚያ ያዘኑት ለልጁ ይሁን ለመኪናቸው ሳይታወቅ ነጠላቸውን አንስተው ይቆማሉ።

ጥፋቱ የፍራንሲስ ኒኮልሰን ነው። ሰውዬው የሜሪላንድ ገዥ ሳለ በ1690ዎቹ (ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ዋና ከተማውን ከሴንት ሜሪስ ሲቲ አንስቶ እዚህ አመጣው፤ በኋላ ንግሥት በሆነችው በልዕልት አን ስም ሰየመው። ቀጥሎ ሁለት ክብ ሣለ፤ አንዱን ለመንግሥት፣ አንዱን ለቤተ ክርስቲያን። መንገዶቹን ከክቦቹ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር አወጣቸው። በወረቀት ላይ ውብ ነው፤ አውሮፓን አይቶ ነው የሣለው። ብቻ የባለቤቴ ወንድም በሰባት መቀመጫ ቶዮታ እንደሚመጣ አላሰበም።

የሰውዬውን ሥራ ሳስብ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ አንዴ ከመጣ አይሄድልኝም። ይህች ከተማ ከ1783 መጨረሻ ጀምሮ ለዘጠኝ ወር ያህል የአሜሪካ ዋና ከተማ ነበረች። ኮንግረሱ የተሰበሰበው ዛሬም ጉልላቱ ከመስኮቴ በሚታየኝ በስቴት ሐውስ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ታኅሣሥ ላይ ወደዚያ አዳራሽ ገብቶ የጦር አዛዥነቱን መለሰ። ከእንግሊዝ ጋር ጦርነቱን የጨረሰው የፓሪስ ውልም የጸደቀው እዚያው ነው፤ ጥር 14 ቀን 1784። ለማጽደቅ ግን ዘጠኝ ክፍላተ ሀገር መገኘት ነበረባቸው፣ የመጡት ደግሞ አልሞላ አሉ። ስለዚህ የመጡት ያልመጡትን በክረምት ቁጭ ብለው ጠበቁ፤ ለሳምንታት። እንግዳ ሲዘገይ ቡና ያቆመች ባለቤት የምታውቀው ስሜት ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ፈረሶቻቸውን የት አሰሩ? ዘጠኝ ወር ሙሉ! ያ ሁሉ መልእክተኛ፣ ያ ሁሉ ሠረገላ፣ ያ ሁሉ ድርቆሽ። አስጎብኚዎቹ ዋሽንግተን የቆመበትን ቦታ ያሳያሉ፤ ፈረሱ የቆመበትን የሚያሳይ የለም። ጠይቄያለሁ። አንዷ አስጎብኚ በትሕትና ፈገግ ብላ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈች። ፈረሶቹ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተነስተው እንዳልሄዱ ግን እርግጠኛ ነኝ።

መንገድ ላይ ቦታ ያጣ እንግዳ ወደ ጋራዥ ይሄዳል። መሀል ከተማው ካሉት አንዱ ጎትስ ኮርት ይባላል። እኔም የባለቤቴን ወንድም «ጎትስ ኮርት አቁመህ ና» እያልኩ እልከው ነበር፤ የአንድ ሀብታም ስም መስሎኝ። ኋላ ሳነብ ለካ የሰፈር ስም ኖሯል። ከመንገዱ ጀርባ ጥግ ለጥግ የተሠሩ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች፣ ጥቁር ቤተሰቦች ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የኖሩባቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፈረሱ። ለምን? ለመኪና ማቆሚያ።

እዚህ ላይ ቀልዱ ቀረብኝ። የከተማዋን አሮጌ ቤቶች ለማዳን ማኅበር የተቋቋመው በ1952 ነው፤ ማለት በዚያው ሰሞን። የዊልያም ፓካን ቤት፣ የነፃነት አዋጁን ከፈረሙት የአንዱን፣ ለማትረፍ ትልቅ ሆቴል አፍርሰው ከሥሩ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን የአትክልት ቦታ ቆፍረው አውጥተዋል። ግሩም ሥራ ነው፣ ሄጄ አይቻለሁ፣ ጽጌረዳው ያምራል። ግን የአትክልት ቦታ ከሆቴል ሥር ተቆፍሮ የሚወጣበት ከተማ፣ ሰው ልጁን ያሳደገበትን ቤት ለመኪና ያነጥፋል? ሌላም አለ። ወደቡ ላይ አሌክስ ሄሊ መጽሐፍ ይዞ ለልጆች ሲያወራ የሚያሳይ ሐውልት አለ፤ «ሩትስ» በሚለው መጽሐፉ የዘር ግንዴ ነው ያለው ኩንታ ኪንቴ በ1767 ከመርከብ የወረደው እዚህ ነው ስለሚል። ከሐውልቱ በፊት፣ በ1981፣ ለኩንታ ኪንቴ አንድ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተተክሎ ነበር። ሁለት ቀን ሳይሞላው ተሰረቀ። ሁለት መቶ ዓመት የኖረ የመስኮት ፍሬም ለመለወጥ ኮሚሽን ፊት የሚያስቀርብ ከተማ ውስጥ፣ ያ ስም ሁለት ቀን አልቆመም። ሌላ ሰሌዳ ተተክቷል፤ አውቃለሁ። ጋራዡም ስሙን ይዟል፤ እሱንም አውቃለሁ። ሰዎቹ ወጥተው የሰፈራቸው ስም ቲኬት መቁረጫው ላይ ቀርቷል፤ ይህ ማስታወስ ነው ከተባለ እኔ አልገባኝም። ለማንኛውም ከዚያ ወዲህ እንግዳ ወደዚያ ለመላክ አፌ አይታዘዝልኝም።

ደግነቱ የሁለት ሰዓቱን ሕግ የሚንቅ አንድ አለ፤ ውኃው። ወደቡ ዝቅ ያለ ስለሆነ የውኃው ሙላት ከፍ ባለ ቀን፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ በጎርፍ ማውረጃው ቀዳዳ ሽቅብ ወጥቶ መኪና ማቆሚያው ላይ ይተኛል። በ2003 ኢዛቤል የተባለችው አውሎ ነፋስ ጊዜማ ሱቆቹ ውስጥ ድረስ ገብቷል። ፈቃድ የለው፣ የሚከሰው የለ፣ ሲበቃው ይሄዳል። ጎረቤቶቼ የቆሻሻ መኪና የሚመጣበትን ቀን እንደሚያውቁ የውኃውን ሰዓት ያውቃሉ፤ ቦት ጫማቸው በር ላይ ነው።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ካላየሁ አሉ፤ ሄድን። የባሕር ኃይል የነበሩ አንድ ጋሼም አብረውን ነበሩ። እሳቸው አናፖሊስ የሚመጡት እኛን ብለው አይደለም፤ በ1845 እዚህ የተመሠረተውን የባሕር ኃይል አካዳሚ አጥር ተደግፈው ነጭ የለበሱትን ልጆች ለማየት ነው። «ሰላምታቸው ላላ ብሏል» ይላሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም። መንገድ ላይ ሰዎች ቡናማ ወረቀት አንጥፈው ሸርጣን በእንጨት መዶሻ እየፈለጡ ይበላሉ። እትዬ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ሊያዩ ስላልፈለጉ ፊታቸውን አዞሩ፤ የቅመሙ ሽታ ግን መለሳቸውና «ሚጥሚጣ አገኙ እንዴ?» አሉ። ባልቲሞር ላይ ከጀርመን የተሰደደ ቅመም ነጋዴ የፈጠረው ነው አልኳቸው። «ስደተኛ ነዋ» አሉ፣ ሁሉም ነገር እንደተገለጠላቸው።

ውኃው ጋ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ፣ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ።

«ይሄማ ወንዝ ነው። ጨው የት አለው?»

«እኔም ብያለሁ» አሉ ጋሼ። «ባሕር ማለት ምጽዋ ነው። ይሄ ኩሬ ነው።»

«ኩሬ እንኳን አልወጣኝም፣ ወንዝ ነው ያልኩት።»

እኔ ገብቼ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አልኩ፤ የሴቨርን ወንዝ ከቼሳፒክ ሰላጤ የሚገናኝበት ነው፣ በጸደይ የወንዙ ውኃ ሲበዛ ጨዉ ይቀንሳል፣ በመጸው ይጨምራል። ሁለቱንም አላስደሰተም። ጋሼ በጥቅምት ጠርሙስ ይዘው ተመልሰው ሊያስቀምሷቸው ተስማምተዋል፤ እትዬ ግን ጠርሙሱ ታጥቦ መምጣቱን ራሳቸው ካላዩ አልቀምስም ብለዋል፤ ባሕር ኃይል ጨው ቢጨምርበትስ?