የወተት ጥርስ ያለው ሊቅ

ላስታ ውስጥ የልጅን ብልህነት የምታውጀው እናት፣ የምታጸድቀው አያት ናት። ማስረጃ አይጠፋም፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው እስከ ሃያ ይቆጥራል፣ የቤቱን በግ ከጎረቤት በግ ይለያል፣ ላሊበላ ከተማ ካደገ ደግሞ ፈረንጁን በየቋንቋው ሰላም ይላል። ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንብ ስለከበበው ንግሥናው አስቀድሞ ታወቀ ይባላል። የዛሬ ወላጅ ንብ አይጠብቅም፤ መስከረም ሲጠባ ልጁን እየጎተተ ኬጂ ይወስዳል።

ደንቡ የአያትን ምስክርነት አይቀበልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን ከ4 እስከ 6፣ አንደኛ ክፍልን ለ7 ዓመት ልጅ መደበ። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው ዜሮ ክፍልም የ6 ዓመቱን ልጅ ለአንደኛ ክፍል ያሰናዳል።

ዕድሜውን ማወቅ ግን ሌላ ጣጣ ነበር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከዚያ በፊት ክርስትና የተነሣበትን ዓመት የሚያስታውስ ዘመድ ይፈለጋል፤ ካልተገኘም ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ይታዘዛል። ከነካ ደርሷል። ክንደ ረጅም ዘር በዚህ ብዙ ተጠቅሟል። አንገቱን ሰበር አድርጎ ጆሮውን ወደ ጣቱ የሚያመጣ ደግሞ አይጠፋም፤ እሱስ ለብልህነቱ ብቻ ቢገባ ይገባዋል።

ፈተናው የሚመስለውን ያህል ቂል አይደለም። የሕፃን ራስ ከክንዱ ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው፤ እጁ ጆሮው ላይ የሚደርሰው ስድስትና ሰባት ዓመት ገደማ ነው። የሚለካው እንግዲህ ምላስ ሳይሆን አካል ነው፤ ቀድሞ የሚሮጠው ደግሞ ምላስ ነው። ሀሁን እንደ ውኃ የሚያወርደው የሦስት ዓመት ሊቅ የሱሪውን ቁልፍ መፍታት ያቅተውና መምህርቷ እስክትደርስለት ነገሩ ያልቃል። ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ይመጣል፤ የምሳ ዕቃው አልከፈት ሲለው ያለቅሳል። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ባለው የላሊበላ ብርድ፣ ዳገቱን በእህቱ ጀርባ የወጣ ተማሪ ረፋድ ላይ እንቅልፍ ቢጥለው አይፈረድበትም።

የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ጭንቀት አያውቀውም። ፊደል ቆጣሪው፣ መልእክተ ዮሐንስ አንባቢውና ዳዊት ደጋሚው አንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው እያንዳንዱ የራሱን ይጮኻል። ፈጣኑ ያልፋል፤ ያንቀላፋውን ነገ ያው መስመር ይጠብቀዋል። የኔታ ዕድሜ ቢጠይቁም ለወግ ነው።

መደበኛው ትምህርት ቤት ግን ልጅን በዕድሜ ስለሚደረድር፣ ቀድሞ የገባው ለዓመታት የክፍሉ ታናሽ ሆኖ ይዘልቃል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ታናናሾቹ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በውጤት ዝቅ እንደሚሉ፣ የልጅነት ቅብጥብጥነታቸውም እንደ ሕመም ሊቆጠርባቸው እንደሚችል ያሳያሉ። ልዩነቱ እያደር ይጠባል። ፊንላንድም አንደኛ ክፍልን የምታስጀምረው እንደ ኢትዮጵያ በ7 ዓመት ነው።

ስለዚህ ከቆጠራው ይልቅ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ሽንቱን ይናገራል? እናቱ ስትሄድ ልቅሶው ቶሎ ያባራል? እርሳሱን ቢቀሙት ይናከሳል? ይህን ያለፈ የ4 ዓመት ልጅ ኬጂ ገብቶ ቢጫወት አይጎዳም፤ በ5 ዓመቱ አንደኛ ክፍል መዝለል ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ልጁን አስቀድሞ የኔታ ዘንድ የሚያስቀምጥ ቤተሰብም አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ፊደሉን እስከ ፐ ለቅሞ ኬጂ ሲገባ መምህርቷ ገና ሀ ላይ ናት። ዘዴኛ መምህርት መጠቆሚያውን ታስይዘውና ሰሌዳው ፊት ታቆመዋለች፤ የኔታም የቀደመውን ልጅ የሚያሠሩት እንዲሁ ነው።