ለአረጋውያን መኪኖች የክብር ታርጋ ስለመጠየቅ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ከደብረ ማርቆስና አካባቢው ባለመኪኖች

ከሁሉ አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤትዎ ምስጋና ይድረስ። በዓለም ላይ አሮጌ መኪና የሚንከባከቡ ማኅበራት ሞልተዋል፤ ምትክ እንዳይመጣበት በአዋጅ የሚንከባከበው መንግሥት ግን የኢትዮጵያ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአገልግሎት ብዛት እየመዘነ ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። (የገንዘብ ሚኒስቴር ሥራ መሆኑ ይታወቃል፤ ከምስጋናው ያካፍሏቸው።) በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ያን ቀን ማርቆስ መንገድ ዳር የቆመው አሮጌ ዲኤክስ ጡረታው እንደተሰረዘ ገባው። ሌላ አገር መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወድቃል፤ የእሱ ግን ከባለቤቱ ደመወዝ ቀድሞ ይወጣል።

ጥያቄው ታዲያ ቀላል ነው፤ ያሳደጉትን ልጅ ስም ያውጡለት።

ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ 30 ዓመት ለሞላው መኪና ታርጋው ጫፍ ላይ «ኤች» የሚል ፊደል ይጨምሩለታል፤ ባለቤቱም በዓመት 192 ዩሮ ገደማ ቁርጥ ግብር ከፍሎ ይገላገላል። እንግሊዞች 40 ዓመት ያለፈውንና ብዙ ያልተነካካውን መኪና ግብርም ዓመታዊ ምርመራም አያስገድዱትም። እዚህ ቀይ ለታክሲ፣ ሰማያዊ ለግል፣ አረንጓዴ ለንግድ፣ ጥቁር ለመንግሥት ነው። ገና ላልተመዘገበ መኪና እንኳ ጊዜያዊና ተላላፊ ታርጋ ተዘጋጅቶለታል። ሥራ ያልጀመረው ታስቦለት ሳለ፣ ሃምሳ ዓመት የሮጠው ከትናንት ወዲያ ከመጣ ቪትስ ጋር አንድ ሰማያዊ ይለብሳል።

መስከረም 2 ቀን 1967 አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስዋገን ነበረች። ሮልስ ሮይሶቹ ቀሩ። የዚያች መኪና እኅቶች ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ቦሎ ለመለጠፍ ይሰለፋሉ፤ «እናንተስ የታሪክ ዘመዶች ናችሁ» ብሎ ወረፋ የሚለቅላቸው ግን የለም።

አንድ ችግር እንዳለ አመልካቾቹ ያምናሉ። የጀርመን መርማሪ የሚሻው መኪናው እንደተፈጠረ እንዲኖር ነው። ይህ ሰው ወደ ጎጃም መጥቶ የገጠር መንገድ ያስረጀውን ላንድሮቨር ኮፈን ቢከፍት፣ አካሉ እንግሊዝ፣ ሞተሩ ጃፓን፣ መብራቱ የሶማሌ ተራ፣ ወንበሩ የሰፈር ሰፊ ሥራ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። በጀርመን ሚዛን ይህ ይወድቃል። በማርቆስ ሚዛን ግን መኪናው ቅርስ የሆነው በዚሁ ነው፤ እያንዳንዱ የተቀየረ ዕቃ መለዋወጫ የጠፋበትን አንድ ዘመን ይናገራል። ስለዚህ «ኦርጅናል ብቻ» የሚል አንቀጽ እንዳይገባ አደራ፤ ከገባ ከአመልካቾቹ የሚተርፈው ሻንሲ ብቻ ነው፣ እሱም ተበይዷል። «ለሰልፍና ለበዓል ብቻ ይነዳ» የሚለውም ይቅር፤ እነዚህ አረጋውያን የሥራ ቀን ጤፍ ይጭናሉ።

የእንግሊዞቹ ከምርመራ ነፃ መሆን ደግሞ ፈጽሞ አይጠየቅም። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ደጀን የሚወጣ መኪና መጀመሪያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በ2001 ዓ.ም. መግቢያ በጃፓን እርዳታ የተጠናቀቀው የሕዳሴ ድልድይ ያማረ ነው፤ ድልድዩ ጋ በደኅና መድረስ ግን የፍሬን ጉዳይ ነው። ጭነት ሞልቶ በከባድ ማርሽ የሚያቃስት ኤንትሬ ፊቱ ላይ «አረጋዊ» ተጽፎለት ፍሬኑ ሳይታይ ቢለቀቅ፣ ክብሩ ለቀብር ይሆናል። መሥሪያ ቤትዎ እርጅናን ያክብር፣ ፍሬኑን ግን ጠበቅ አድርጎ ይመርምር፤ ከዚያ የተረፈውን ግብሩን ይቀንስለት።

የኤሌክትሪክ መኪና ይግዙ የሚለው ምክርዎም ደርሷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ዲኤክሱ በጨለማው ውስጥ ቆሞ ያስብበታል።

ከሰላምታ ጋር

አባሪ፦ ጠርዙ የተበላ ሊብሬ፣ የቦሎ ደረሰኝ፣ የመኪናው ሁለት ጉርድ ፎቶ ግራፍ።
ግልባጭ፦ ለገንዘብ ሚኒስቴር፤ ለሶማሌ ተራ ነጋዴዎች፤ ደጀን ቁልቁለት ላይ ለሚቆሙ ትራፊክ ፖሊሶች።